ወፍ ይበራል አሉን

ባለፈው ሳምንት በአንድ ስብሰባ ላይ ስለ አቃቂና አባ ሳሙኤል ውሃዎች ሲወራ፣ አንድ ኃላፊ የበጎ ፈቃደኞችን የወፍ ቆጠራ «መረጃ ብለን አንቀበለውም» አሉ። ለምን ሲባሉ፣ «ወፍ ይበራል፤ አንዱን አሥር ጊዜ ቆጥራችሁት ቢሆንስ?» አዳራሹ ሳቀ። እኔን አላሳቀኝም።

ወፍ እንደሚበርማ እናውቃለን። ለዚህ እኮ ነው እኛ ፈቃደኞቹ ውሃውን ተከፋፍለን በአንድ ጠዋት የምንቆጥረው። መንጋ ተነስቶ ወደ ጎረቤት ቆጣሪ ሲሄድ ሰዓቱና አቅጣጫው ይጻፋል፤ በኋላ ደብተር ከደብተር ይመሳከራል። ለመሆኑ ደመወዝተኛ ባለሙያ ሲቆጥራት ወፏ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች?

ትንንሾቹን አንዳንዴ መለየት ያቅተናል፣ እሺ። ያኔ «ያልታወቀ» ብለን እንጽፋለን። ስንቱ ሪፖርት ነው እንዲህ ብሎ የሚጽፈው?

ደግሞ የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ወፎቹ ያነሱት ዝናቡ ሌላ ቦታ ኩሬ ስለሞላ ይሆናል፤ ወይም አንዳንዶቹ በሚፈለፈሉበት በሳይቤሪያ ጫጩት ስላልበረከተ። ነገሩ የሚታወቀው ያው ሰው፣ ያው ቦታ፣ በየዓመቱ ሲመላለስ ነው። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየጥር የሚካሄደው በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው። እኛ ባሕር የለንም፤ ባሕር ያላቸው ብሪታንያውያን ግን በድንጋያማው ዳርቻቸው ላይ ጠጠር እየገለበጠች የምትበላዋን ወፍ ሳይቀር የሚቆጥሩት በፈቃደኛ ነው። እዚያ ሳይንስ የተባለ ነገር ቃሊቲን ሲያልፍ ሥራ ፈትነት ይሆናል?

ባለሙያ ይምጣ፣ ደስ ይለናል። ግን የሚመጣው በጀት ሲለቀቅ ነው፤ አበልና መኪና ሲኖር። አንድ ጊዜ ይመጣል፣ ወፍራም ሪፖርት ያስረክባል፣ ይሄዳል። በቀጣዩ ጥምቀት ሰሞን ጣቱ በብርድ ደርቆ እስክሪብቶ እንቢ እያለው፣ ከእምቦጩ ዳር ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርገዋን ወፍ የሚጠብቀው ማን ነው?

አምና አንድ እረኛ ልጅ አጠገባችን ቆሞ ብዙ ሲያየን ቆየና፣ «ጋሼ፣ ስትቆጥሩት ይከፈላችኋል?» አለኝ። አይከፈለንም አልኩት። ገረመው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው በዱላው ወደ ታች አመለከተ፤ «እዚህ ምን ትሠራላችሁ? እነሱ ያሉት እዚያ ጭቃው ላይ ነው»። ሄድን። ነበሩ። ያን ቀን ከቆጠርነው ግማሹ እዚያ ጭቃ ላይ የነበረው ነው። ይህን ልጅም ዲግሪህን አምጣ በሉት።