ከጊት የተሰረዘ የይለፍ ቃል አልጠፋም

በአዳማ ለሆቴሎች፣ ለክሊኒኮችና ለጭነት ድርጅቶች ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። አዲስ ሥራ ሲጀመር የኮዱ ለውጥ በየትኛው ቨርዥን ኮንትሮል (የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዝ ፕሮግራም) ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ ከተነሳ፣ በእኔ እምነት መልሱ ጊት ነው። ሳብቨርዥን የተባለው ሌላው ፕሮግራም ለውጥን ለመመዝገብ ከማዕከላዊው ሰርቨር ጋር መገናኘትን ይጠይቃል፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ጊት ግን የፕሮጀክቱን ሙሉ ታሪክ በየባለሙያው ላፕቶፕ ላይ ስለሚያኖር፣ ኔትወርክ ተቋርጦም ቢሆን ኮሚት ማድረግ (ለውጡን በታሪኩ ውስጥ መመዝገብ) ይቻላል። መብራትና ኔትወርክ በሚያስቸግርበት አካባቢ ይህ ብቻውን ክርክሩን ይዘጋዋል።

ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ጥቅም ነው። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ወይም የክፍያ ማገናኛ ቁልፍ (ሶፍትዌሩ ወደ ክፍያ አገልግሎቱ የሚገባበት ሚስጥራዊ ኮድ) አንድ ጊዜ ኮሚት ከተደረገ፣ በማግስቱ ፋይሉን መሰረዝ ቁልፉን ከአሁኑ ኮድ ላይ ያነሳዋል እንጂ ከታሪኩ አያወጣውም፤ ሪፖዚተሪውን (ኮዱ ከነታሪኩ ያለበትን ማከማቻ) ክሎን ያደረገ፣ ማለትም ወደ ራሱ ኮምፒውተር የቀዳ ማንኛውም ሰው የቆዩትን ኮሚቶች ገልጦ ያገኘዋል። ታሪኩን እንደ አዲስ የሚጽፉ መሣሪያዎች ቢኖሩም በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ያለውን ቅጂ አይነኩም። ስለዚህ ቁልፍ ከወጣ በቅድሚያ የሚደረገው ቁልፉን በሰጠው አገልግሎት ላይ ገብቶ መሻርና በሌላ መተካት ነው፤ ታሪክ ማጽዳቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ሪፖዚተሪያችን ፕራይቬት ነው» (ከተፈቀደለት ሰው በቀር ማንም አያየውም) የሚለው መከራከሪያ አያሳምነኝም። በ2016 እ.ኤ.አ. ሰርጎ ገቦች የ57 ሚሊዮን የኡበር ተጠቃሚዎችንና አሽከርካሪዎችን መረጃ የወሰዱት፣ የጊት ሪፖዚተሪዎች በሚቀመጡበት ጊትሀብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነበረው የድርጅቱ ፕራይቬት ሪፖዚተሪ ውስጥ ባገኙት የአማዞን ክላውድ ቁልፍ ነበር። ቶዮታም በ2022 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ የአንድ አገልግሎቱ ኮድ ከነቁልፉ ለማንም ክፍት በሆነ የጊትሀብ ሪፖዚተሪ ላይ አምስት ዓመት ገደማ ተቀምጧል።

አራት ሰው ያለው ቡድን እንደ ቮልት ያለ የቁልፍ መጠበቂያ ሥርዓት ተክሎ ያስተዳድር አልልም። ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ቁልፎቹ የሚጻፉበትን የዶት ኢንቭ ፋይል በጊትኢግኖር (ጊት እንዳይመዘግባቸው በሚፈለጉ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ማስገባት፣ ለሙከራና ለፕሮዳክሽን (ደንበኛው ለሚጠቀምበት ሲስተም) የተለያየ ቁልፍ ማውጣት፣ ክላውድ ላይ ሲወጣም ቁልፎቹን በአማዞን ሲክሬትስ ማናጀር ወይም በመሰል አገልግሎት ማስቀመጥ ከአንድ ቀን ሥራ አያልፍም። ቁልፉን ከጊት አውጥቶ በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፒን ማድረግ ግን (የተለመደ ነገር ነው) ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።

ከዚህ በኋላ ያለው ኃላፊነት የአሠሪውም ጭምር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር የእንግዶቹን ስምና ስልክ የሚመዘግብ ሆቴል ሲስተሙን ሲረከብ የስክሪኑን ማማር ብቻ አይቶ መፈረም የለበትም። የክላውድ አካውንቱ በማን ስም እንደተከፈተ፣ ባለሙያው ሲለቅም ቁልፎቹን ማን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይር በውሉ ላይ መስፈር አለበት።