ለአካባቢ ምክር ቤቶቻችን የምርጫ ቀን ይቆረጥ

ሐዋሳ ውስጥ ስለ መንግሥት አሠራር ክርክር ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ አስፋልት ይዞራል። አንዱ አዲሱን መንገድ፣ የሐይቁን ዳርና ኢንዱስትሪ ፓርኩን ይጠቅሳል፤ ሌላው በሰፈሩ ስለሚጠፋው ውሃና መብራት ያማርራል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ዴሞክራሲ ግን በዚህ ብቻ አይለካም። መንገድ ንጉሡም ደርግም ሠርተዋል። ከተማችን ራሷ የተቆረቆረችው በንጉሡ ዘመን ነው።

መለኪያው፣ ሕዝብን የበደለ ሹም ማን ፊት ቀርቦ ይጠየቃል የሚለው ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል በኖረበት አገር ለውጥ መምጣቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12፣ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

የሆነውን ግን ተመልከቱ። የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ተካሄደ፤ በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በ2013ቱ ምርጫ የከተማ ምክር ቤት የመረጡት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ሐዋሳ የለችበትም። በ2005 ዕድሜው ለምርጫ ያልደረሰ ወጣት ዛሬ ልጆች እያሳደገ ይሆናል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ለቀበሌው ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጥበት ቀን አልመጣለትም።

በምርጫው ፋንታ ስብሰባ ይጠራል። ነዋሪው እጁን አውጥቶ ብሶቱን ይናገራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ከመድረኩ «ቅሬታችሁን ተቀብለናል» ይባላል። ስብሰባውን አልንቅም፤ ብዙ እናቶች ደፍረው ሲናገሩ የሚሰሙት እዚያ ነው። ነገር ግን በአዳራሹ ነዋሪው አቤት ባይ ነው። ሹሙ ቢያዳምጠው መልካም፣ ባያዳምጠው የሚያደርገው የለም። የምርጫ ካርድ የያዘ ሰው ግን ሹሙን ሊያወርድ ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ሹምም አነጋገሩ ሌላ ነው።

ሕዝቡ ምርጫ አይችልም የሚል ካለ ኅዳር 10 ቀን 2012ን ያስታውስ። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ በረጃጅም ሰልፎች ተካሂዶ ከ98 በመቶ በላይ ድምፅ ክልልነትን ደገፈ፤ በሰኔ 2012 ሲዳማ 10ኛው ክልል ሆነ። ስለ ክልልነት ያለን አመለካከት ቢለያይም፣ ድምፅ አንድን ነገር ሲለውጥ ሁላችንም አይተናል።

የምርጫ ቀን እስኪቆረጥም ዝም ብለን መቀመጥ የለብንም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው የመንግሥትን መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የቀበሌያችሁን በጀት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት አስመዝግባችሁ ቁጥሩን ያዙ።