ይድረስ ለክቡር «ነገ ተመለስ»

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ግን በየቀኑ እየተገናኘን ምን ናፍቆት አለ።

የጠየቅኩት እንዲህ የሚያስጨንቅ አልመሰለኝም ነበር። ለሰፈራችን ኮብልስቶን በየቤቱ ብር አዋጣን፣ መንገዱ ግማሽ ላይ ቆመ፣ የቀረውን ክረምት በመጣ ቁጥር በቦቲ እንሻገረዋለን። ብራችን ስንት ደረሰ፣ ምን ላይ ዋለ የሚለውን የሂሳብ ሪፖርት ኮፒ ስጡኝ ብዬ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። በቃ። የአገር ምስጢር አልጠየቅኩም፣ ስለ ድንጋይ ነው የጠየቅኩት።

የመጀመሪያው ቀን እርስዎ ተቀበሉኝ። በማግስቱ ታላቅ ወንድምዎ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። ከዚያ ታናሽዎ «ሲስተም የለም»። ከዚያ የአክስትዎ ልጅ «ማኅተም የያዘችው ወጥታለች»። ሰኔ ላይ «በጀት እየዘጋን ነው» ተባልኩ፣ ሐምሌ ላይ «በጀት ገና አልተለቀቀም»። የሂሳብ ወረቀት ኮፒ ለማድረግ ምን ያህል በጀት እንደሚያስፈልግ እንጃ። ብቻ ቤተሰብዎ ሰፊ ነው፣ አንድም ሥራ አጥ የለበትም።

እኔም ሞኝ፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን አትሜ ይዤ ሄድኩ። መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጠዋል ይላል። የሕዝብ ግንኙነቱ ሰውዬ ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄማ ተሽሯል» አለኝ። ክው አልኩ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ የ2013ቱ አዋጅ 1238 የሻረው የሚዲያውን ክፍል ነው፣ መረጃ የማግኘቱ ክፍል እዛው አለ። ይህን ላስረዳው በማግስቱ ብሄድ ሰውዬው የለም፣ ሥልጠና ገብቷል። የምን ሥልጠና? የመልካም አስተዳደር።

ስዊድን የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ይከፈት ብላ ሕግ ያወጣችው በፈረንጆቹ 1766 ነው፤ እኛ ጋ ያኔ ጎንደር ላይ አፄ ኢዮአስ ነበሩ። እርስዎ ከዚያም በፊት ሥራ ላይ የነበሩ ይመስለኛል። ጡረታም አይወጡ።

አንድ ነገር ግን አደንቅልዎታለሁ። «እምቢ» ብለው አያውቁም። እምቢ ቢሉኝ ምክንያቱን በጽሑፍ ሊሰጡኝ ነው፣ እኔም ወረቀቱን ይዤ እንባ ጠባቂ ዘንድ አቤት ልል ነው። «ነገ» ግን ፊርማ የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ወጪ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። እንባ ጠባቂ ሄጄ ምን ልበል? «ፈገግ ብለው ነገ ና አሉኝ» ብዬ ልክሰስ? እዚያ መስኮት ላይ የሚሠሩትን ልጆችም አልፈርድባቸውም፤ አንዷ በሹክሹክታ «ወንድሜ፣ እኔ ብሰጥህ እኔ ነኝ የምጠየቀው፣ ባልሰጥህ ማንም አይጠይቀኝም» ብላኛለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ይህን አልጻፈም።

ለማንኛውም ተላምደናል። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ መታወቂያ መጠየቅ ትተዋል፣ ፍተሻም የለም፣ ከሠራተኞቹ ጋር ነው የምገባው። ባለፈው ሰኞ ታክሲ አጥቼ 4 ሰዓት ላይ ብደርስ ሰዓታቸውን አየት አድርገው «ምነው ልጄ፣ ዛሬ አረፈድክ?» አሉኝ።