መቃኑ ተጣሞ በሩ እንዴት ይዘጋ?

አሁንስ በዛ! ዛሬ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋም ብሎ ተገትሮ ቀረ። ገና ከተገጠመ ወር ያልሞላው በር! ታች ወለሉን ይፍቃል፣ ላይ ጣት ያስገባል።

ይኼ ሙያ ነው? አናጺው አግድሙን የሚያይበት ውሃ ልክ አልያዘ፣ ቁመቱን የሚያቀናበት ቱምቢ አልጣለ። በዓይኑ አየና "ልክ ነው" አለ። መቃን፣ በሩን ዙሪያውን የሚይዘው ክፈፍ፣ በዓይን ይለካል እንዴ? ከጥግ ጥግ በሰያፍ ሁለቱንም መለካት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ልኬቱ እኩል ካልመጣ መቃኑ ተንጋዷል። ይኼን ጀማሪ ረዳት እንኳ ያውቀዋል!

እንጨቱስ? "ደረቅ ዋንዛ ነው" ብሎ ቀብዱን ተቀበለ። እርጥብ ነበር። እርጥብ እንጨት ከተገጠመ በኋላ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። በመቃኑና በልስኑ መሃል የተከፈተውን በፎም ሞላው። ፎሙን በስቱኮ ሸፈነው። ስቱኮው ተሰነጠቀ። ስደውል "ቀለም ሲቀባ አይታይም" ይለኛል። ቀለም በር ይዘጋል?

ለማጠፊያው እንኳ ቦታ በመሮ አልቆረጠለትም። ላዩ ላይ ለጥፎ በሚስማር መታው። ብሎን እያለ!

አዲስ አበባ ውስጥ እጁ የተባረከ አናጺ ሞልቷል። የነሱን ስም የሚያስጠፋው እንዲህ ያለው ነው። መጥቶ ከነመቃኑ ነቅሎ እንደገና ይሥራልኝ። እስከዚያ ቀሪውን ክፍያ አልሰጥም!