ቢያጆ ይለምልም!

አሸዋ በመኪና ምልልስ የሚሸጥበትን ቢያጆን የመሰለ የተባረከ ቃል የት ይገኛል? ኩንታል ሚዛን ይጠይቃል፣ ሜትር ጭቅጭቅ ያመጣል፤ ቢያጆ ግን ሰላም ነው። ደሴ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው «አንድ ቢያጆ አሸዋ» ይላል፣ ሻጩም «አንድ ቢያጆ» ይላል፣ ተስማሙ። በምን እንደተስማሙ የሚጠይቅ ካለ እሱ ነገረኛ ነው።

ቃሉ፣ እንደ ፒያሳና እንደ ስፖንዳ (የጭነት መኪና የጎን ግድግዳ)፣ የጣሊያን ነው፤ ትርጉሙም «ጉዞ»። ጣሊያን ሚያዝያ 1928 ደሴ ገብቶ ሚያዝያ 1933 ሲወጣ ሜትሩንም አልከለከለንም ነበር፤ እኛ የወደድነው ቢያጆውን ነው። ስለዚህ የገዙት ጉዞ መሆኑን አይርሱ። ገልባጭ መኪናው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደጅዎ ከደረሰ ጉዞው አንዲት ስንዝር አልጎደለችም። ካሶኒው (የመኪናው ጭነት መያዣ) ላይ ምን ያህል አሸዋ አብሮ ተጓዘ? ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የቃሉ ደግነት ደግሞ ማንንም አለመለየቱ። 16 ሜትር ኩብ ነው የሚባለው የሲኖ ጭነት ቢያጆ ነው፤ የግማሹን ግማሽ የማይሞላው የትንሹ አይሱዙም ቢያጆ ነው። ጋሪም ሁለቴ ከተመላለሰ ሁለት ቢያጆ ሠርቷል።

አንዳንድ ክፉ ሰው አለ፣ ሜትር ይዞ ካሶኒ ላይ የሚወጣ። ርዝመቱንና ወርዱን ከውስጥ በኩል ይለካል። ከፍታውን ሲለካ ስፖንዳውን ትቶ አሸዋውን ነው፤ ቀጭን ብረት በአራቱ ማዕዘንና በመሐሉ ወለሉ እስኪነካ ሰክቶ፣ አምስቱን ደምሮ ለአምስት ያካፍላል። መሐሉን መውጋቱ ነው ነውሩ! ጫኞቹ ስንት ደክመው ዳር ዳሩን ከምረው መሐሉን እንደ ገበቴ ያጎደጎዱት ከታች ቆሞ ለሚያይ እንዲያምር አይደለም እንዴ? 5.4 በ2.3 በ1.05 ሜትር ሲያባዛ 13 ሜትር ኩብ ይወጣዋል። ከሲኖው 16 የጎደለው 3 ሜትር ኩብ በ50 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ሲሰፈር 75 ሳጥን ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ ለሚያስገባ ግንበኛ፣ የ37 ከረጢት አሸዋ ሐረጎ ላይ ቀረ ማለት ነው። «አብሽሩ ጋሼ፣ መንገዱ ጠቅጥቆት ነው» ይላል ሹፌሩ። እውነቱን ነው፣ ልቅ አሸዋ ሲንገጫገጭ ይጠቀጠቃል፤ ሦስት ሜትር ኩብ መጠቅጠቁ ግን የሐረጎ ልዩ ስጦታ መሆን አለበት።

ውሃውንም እናመስግን። እርጥበቱ ከክብደቱ 5 በመቶ አካባቢ ሲሆን ውሃው ቅንጣቶቹን አራርቆ ስለሚይዝ አሸዋ ያብጣል፤ ደቃቁማ ሩብ ያህል ሊጨምር ይችላል። ደርቆ ሲሰፈር መልሶ ይሟሽሻል። እርጥቡን በቢያጆ የገዛ ሰው እንግዲህ አየርም በነፃ ተጭኖለታል።

ገልባጩ ሲመሽ መምጣቱም ለእርስዎ ታስቦ ነው፤ ቀን ቢሆን ከአሸዋው የተቀላቀለው አፈር ታይቶዎት ይከፋዎት ነበር። ጠርጣራ ከሆኑ፣ ሳይራገፍ፣ ብርጭቆ ጠርሙስ ግማሹን አሸዋ ሞልተው፣ ውሃና ቆንጠር ያለ ጨው ጨምረው፣ አጥብቀው ነቅንቀው ሦስት ሰዓት ያስቀምጡ። ከላይ የተኛው ጭቃ ውፍረት ከአሸዋው ውፍረት 6 በመቶ ካለፈ ሲሚንቶው ከአሸዋው ጋር በደንብ አይያያዝም፤ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። ብቻ ሦስት ሰዓት የሚጠብቅ ሹፌር ካገኙ ነው፤ እርስዎ ጠርሙስ ሲፈልጉ ካሶኒው ተነሥቶ አሸዋው በር ላይ ተዘርግፏል።

ይመለስ ቢሉም ችግር የለም፣ ይመልስልዎታል። መመለሻው ሌላ ቢያጆ ነው።