ለአንዲት ሣጥን የቀረበ ውዳሴ

የደብረ ብርሃን ነጋዴ ለመረጃው ደኅንነት ያሳየው ጽኑ እምነት እስካሁን የሚገባውን ምስጋና ሳያገኝ መቅረቱ ያሳዝናል። ትናንት ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የያዘውን ሒሳብ፣ የደንበኞቹን ዱቤና የሠራተኞቹን ደመወዝ ከሱቅ ቁልፉ ጋር ባንጠለጠላት አንዲት ፍላሽ ይዞ ይዞር የነበረው የብርድ ልብስ አከፋፋይ፣ ዛሬ ሁለት ሃርድ ዲስክ የምትይዝ የኔትወርክ ማከማቻ ሣጥን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ዲስኮቹን ሬይድ 1 በሚባለው አሠራር አጣምሮ፣ «ከእንግዲህ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለን» በማለት ቡና አስፈልቷል። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ሁለት ገዝቶ የሚጠቀመው 4 ቴራባይት ብቻ መሆኑን ሲሰማ ጥቂት ቅር ቢለውም፣ በአንዱ ላይ የተጻፈው በሌላውም ወዲያው እንደሚጻፍ ሲነገረው ተጽናንቷል።

ይህ ታማኝነት በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። ጸሐፊዋ የዓመቱን ሒሳብ በስሕተት ብታጠፋ ሁለቱ ዲስኮች ያለ አንዳች ልዩነት አብረው ያጠፉታል፤ በግንቦት 2009 ዓ.ም. በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን እንዳጠቃው እንደ ዋናክራይ ያለ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢመጣም ፋይሎቹ በሁለቱም ላይ እኩል ይቆለፋሉ።

ለሣጥኗ የተመረጠላት ሥፍራም የባለቤቱን አርቆ አሳቢነት ይመሰክራል። የከተማዋ ብርድ የታወቀ ስለሆነ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያው ጎን ተቀምጣለች፤ ሁለቱም፣ የቡናው ምድጃም ጭምር፣ ኃይል የሚስቡት ከአንድ ዲቫይደር ነው። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባለባትሪ መሣሪያ፣ ዩፒኤስ፣ አልተገዛላትም፤ መብራት በመጻፍ ላይ ሳለች ቢጠፋባት ፋይሏ ይበላሽ ይሆናል እንጂ ለመብራት የተከፈለው ገንዘብ አይጨምርም።

ከሁሉ በላይ ሊመሰገን የሚገባው ግን ጩኸቷን የሚያስቆመው ባለሙያ ነው። አንዱ ዲስክ ሲሞት ሣጥኗ ያለ ማቋረጥ ትጮኻለች፤ ይህም የሞተው በአዲስ እንዲተካ የምታቀርበው ልመና ነው። የቤቱ ልማድ ግን ድምፅ ማጥፊያውን ተጭኖ ሥራ መቀጠል ነው፤ ፋይሎቹ እንደ ወትሮው እየተከፈቱ ማን ገንዘብ ያወጣል? የቀረው ዲስክ ከሟቹ ጋር በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዛ፣ እኩል ዕድሜ ያለው፣ እኩል የደከመ መሆኑን ማንሳት ሟርት ይባላል። አዲሱ ዲስክ በገባ ጊዜም ይህ የቀረው ሽማግሌ የያዘውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እንዲያነብለት ይገደዳል፤ ብዙዎች ነፍሳቸው የምትወጣው በዚሁ ሥራ ላይ ነው።

ከዚህ ሥልጣኔ ጋር ሲነጻጸር የመንዝ ገበሬ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ይታዘቧል። እርሱ ዛሬም የዘር ገብሱን ከሚበላው ለይቶ በሌላ ጎታ ያስቀምጣል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይያዝ፣ አንዱም ከግቢው ውጭ ይደር የሚሉት ባለሙያዎችም የዚሁ ገበሬ ደቀ መዛሙርት ሳይሆኑ አይቀሩም። መረጃውን በአንድ ኤክስተርናል ዲስክ በየሳምንቱ ገልብጦ የጣርማ በርን ዋሻ አሳልፎ ደብረ ሲና ካለ አማች ዘንድ ማኖር፣ በአንዲቷ ሣጥን ላይ የተጣለውን እምነት በአደባባይ ማዋረድ ይሆናል።

የተቀመጠውን መልሶ ማውጣት ይቻል እንደሆነ መሞከርማ ከክህደት የሚቆጠር ነው። ጊትላብ የተባለው ኩባንያ በጥር 2009 ዓ.ም. መረጃው በስሕተት ሲጠፋበት፣ ዘርግቻቸዋለሁ ካላቸው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው አልሠራለትም፤ የደረሰለት ጥፋቱ ከመድረሱ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ እንደ አጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነበር። የእኛ ነጋዴ ከዚህ የቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አምስት ዘዴ ዘርግቶ ከማፈር በአንድ ተማምኖ መተኛት ይሻላል።

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነድ ለዓመታት ይጠበቅ ማለቱም አያስጨንቀውም። ኦዲተሩ ሲመጣና ሣጥኗ አልከፈት ስትል፣ በየቢሮው መስኮት ቆሞ ሲሰማ የኖረውን «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ እርሱም በተራው፣ ያውም ለገቢዎች፣ የመስጠት ብርቅ ዕድል ያገኛል።