ከወፍጮ ቤት ወደ ኤግዚቢሽን

እኛ አገር «ኤግዚቢሽን» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የበዓል ሰሞን ባዛር ነው፤ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት። ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ «ኢትዮጵያ ታምርት» የተባለውን የአምራቾች ኤግዚቢሽን ለማየት የሚሄድ የምህንድስና ተማሪም በዚሁ ዓይን ዞር ዞር ይላል፤ ብሮሸር ይሰበስባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይመለሳል። በተማሪው አይፈረድም፤ ምን ይዞ መግባት እንዳለበት የነገረው የለም።

እዚህ ጀርመን፣ ሐኖቨር ላይ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቅ የኢንዱስትሪ ትርኢት ይካሄዳል። ተዘጋጅተው የሚመጡ ተማሪዎች የአዳራሾቹን ካርታ ቀድመው አይተው አምስት ስድስት ድርጅት ብቻ መርጠው ይገባሉ። ከሁሉ የሚያስቀናው ግን ጥያቄያቸው ነው። የሚያውቁት አንድ ማሽን ለምን እንደሚበላሽ ሊጠይቁ ነው የሚመጡት።

ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የጎንደር ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ አንድ ወፍጮ ቤት ይበቃዋል። ባለቤቱን «እማማ፣ ሞተሩ በስንት ጊዜ ይቃጠላል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሳህን ጠርጎ ኪሎዋቱን፣ ቮልቱን፣ አምፒሩን፣ ዙሩን ይመዝግብ። ሳህኗ 400 ቮልት ብትልና ማታ መብራት ሲደክም መስመሩ ወደ 340 ቢወርድ፣ የማዞር ጉልበቱ በቮልቴጁ ስኩዌር (ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ) ስለሚቀንስ ከሩብ በላይ ይጠፋል። ወፍጮው ጤፉን እንደያዘ ነው፤ ሞተሩ ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ውስጡ የተጠመጠመው ሽቦ (ኮይሉ) ይቃጠላል።

ከፍታውም አለ። ሞተር በመደበኛው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና 40 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። የሳሳ አየር ሙቀትን እንደ ልብ አይወስድም። ደግነቱ የጎንደር አየር ቀዝቀዝ ስለሚል ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል፤ ግን የሞተሩን የማቀዝቀዣ ክንፎች ዱቄት ከደፈናቸው ይህ ጥቅም የለም። የናፍጣ ጄነሬተርና ኮምፕረሰር ሲሆን ቅዝቃዜው ብዙም አያድንም፤ የሳሳ አየር እየሳቡ ሳህናቸው ላይ የተጻፈውን አይሰጡም። ስለዚህ ጥያቄው «ይህ ማሽን ጥሩ ነው?» አይሁን። «2,100 ሜትር ላይ፣ በ340 ቮልት ስንት ኪሎዋት ይሰጣል?» ይሁን።

ይህን ሲጠየቅ ሻጩ ዝም ካለ፣ «ቴክኒሻኑን ይጥሩልኝ» ማለት ነውር የለውም። ይሉኝታ የኛን ልጆች ብዙ ያስከፍላቸዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው አመስግነው ያልፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሻጮች በገዢ ይጨናነቃሉ፤ የመጨረሻው ቀን ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ዕቃ መሸከፍ ይጀመራል።

ያረጀ ኩሽኔታም በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ደግ ነው። ጠርዙ ላይ 6308 ቢል፣ 08ን በ5 ማባዛት 40 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ የውስጥ ቀዳዳው ስፋት ነው። ቁጥሩን የሚያነብ ተማሪ የመለዋወጫው ቆጣሪ ጋ ሲቆም ሰው ወንበር ይስብለታል። ቢዝነስ ካርድ ሲሰጠው ወዲያው ጀርባው ላይ የተነጋገሩበትን በአንድ መስመር ይጻፍ፤ አለዚያ ጎንደር እስኪደርስ ካርዶቹ ሁሉ አንድ ይሆኑበታል።